እትዬ ይታይሽ፣ ቃል ለቃሚዋ

የእትዬ ይታይሽን ሞት የሰማሁት ክርያት ቢያሊክ በምትባል ከተማ ባለ አንድ ጫማ ቤት ውስጥ፣ ለልጄ የትምህርት ቤት ጫማ እያስለካሁ ሳለ ነው። ልጃቸው ኦሪት ደወለችና «እማዬ ዛሬ ጠዋት አረፈች፤ ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እንባዬ መጣ። ወዲያው ግን አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በእሳቸው ምክንያት ዜድ የተባለችውን ፊደል ሲፈልግ የዋለበት ቀን ትዝ አለኝና ሳቄ ቀደመ። ሻጭዋ የጫማውን ሣጥን እንደያዘች ቆማ ታየኛለች። ልጄ አፍሮብኝ ወደ መስኮቱ ዞረ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? እትዬ ይታይሽን የሚያውቅ ሰው አልቅሶም ቢሆን መሳቁ አይቀርም።

በሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው የተዋወቅነው። ካርሜል ተራራ ላይ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አብረን እንሠራ ነበር። ነዋሪዎቹ አብዛኞቹ ከእንግሊዝና ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ናቸው። እኔ የግዴታ ውትድርናዬን ጨርሼ የወጣሁ ልጅ ነበርኩ፤ ሁለተኛውን ፎቅ አጸዳለሁ። እሳቸው ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ናቸው። ሁለታችንም ከተራራው ሥር ሃሊሳ ሰፈር ስለምንኖር ጠዋት ጠዋት በአንድ አውቶቡስ እንወጣለን። ያኔ ዕድሜያቸው ሃምሳን ተሻግሯል። አጭር፣ ፈጣን፣ እጃቸው በሳሙና ብዛት የተሸበሸበ፣ ጥርሳቸው ፍንጭት። የተወለዱት ሰሜን ተራራ ሥር፣ ጃናሞራ ነው። ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ ረግጠው አያውቁም። አማርኛም ሆነ ዕብራይስጥ አያነቡም፤ ደመወዛቸውን የሚፈርሙት በአውራ ጣታቸው ነበር።

ኪስ ሳይፈትሹ ማሽን ውስጥ የሚከቱት ልብስ አልነበረም። ከየኪሱ የሚወጣውን በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ያጠራቅሙና ከምሳ በኋላ ለየባለቤቱ ያደርሳሉ፦ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ በሶፍት የተጠቀለለ ኬክ፣ አንዴማ የጎረቤት መነጽር። «ኪስ አይዋሽም» ይሉ ነበር። «ሰው በአፉ ደህና ነኝ ይልሻል። ኪሱን ስታዪው ሦስት ቀን ያልዋጠው ኪኒን ተከማችቷል።» በዚህ ዘዴ ሁለት ጊዜ ነርሷን አስጠርተው ሰው አድነዋል።

አንድ ሐሙስ ቀን ከአንድ ፒጃማ ኪስ ውስጥ የጣት ጥፍር የምታህል የእንጨት ቁራጭ አገኙ። ላይዋ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎባታል። ፒጃማው የሚስተር ሊዮ ነው። ሚስተር ሊዮ ከደርባን የመጡ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ከፒጃማ ላይ ሹራብ ደርበው የሚውሉ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ነበሩ። አስተርጓሚ እንድሆን ይዘውኝ ወጡና መዳፋቸውን ሲከፍቱላቸው ሰውየው ፊታቸው ቀላ። በሩን ከኋላችን ዘጉት።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ነዋሪዎቹ ረቡዕ ረቡዕ ሳሎኑ ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደላት ይጫወታሉ። እያንዳንዱ ሰው ሰባት ፊደል ሳያይ ከከረጢት ያወጣል፤ ከዚያ ሰሌዳው ላይ ቃል እየሠራ ነጥብ ይሰበስባል። ከፊደላቱ ሁሉ ክፉዋ ኪው ናት። ሌላ ፊደል፣ ዩ የምትባለው፣ ካልተከተለቻት ቃል አይሆንላትም። ጨዋታው ሲያልቅ እጁ ላይ የቀረችበት ሰው ደግሞ አሥር ነጥብ ይቀነስበታል። ስለዚህ ሚስተር ሊዮ ኪው የደረሰቻቸው ቀን ኪሳቸው ይከቷታል። «ከሄለን ጋር የሚጫወት ሰው ሌላ ምን ያደርጋል?» አሉን በተሰባበረ ዕብራይስጣቸው።

ሄለን የሚሏቸው እንግሊዝ አገር የሴቶች ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የነበሩ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ የሰው ሰላምታ ሳይቀር የሚያርሙ ሴት ናቸው። በዚያ ጨዋታ ያሸነፋቸው ሰው የለም።

እትዬ ይታይሽ ነገሩን በጸጥታ አዳመጡና «ጨዋታውን ካስተማሩኝ ለማንም አልናገርም ብላለች በዪልኝ» አሉኝ።

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«እትዬ፣ ፊደሉን አያውቁትም እኮ» አልኳቸው።

«ጥልፍስ ስጀምር ማን አሳወቀኝ? አይቼ ነው የቀዳሁት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሳ ዕረፍታችን ሚስተር ሊዮ ክፍል ሆነ። እትዬ ይታይሽ ፊደላቱን ስም አወጡላቸው። ኤስ እባብ ሆነች፣ ኤች መሰላል፣ ኤም ተራራ። ኪው ጭራ ያላት ዳቦ ተባለች። ሚስተር ሊዮ አንድ ቃል ሲደረድሩ እሳቸው አንዴ በደንብ ያዩታል፤ በሳምንቱ በትናችሁ ብትሰጧቸው ሳይሳሳቱ መልሰው ይገጥሙታል። ደብተር ገዛሁላቸው። ቃሉን እንደ ጥልፍ ከታች ወደ ላይ እየሳሉ ይጽፉታል። ለእያንዳንዱ አስቸጋሪ ፊደል አንድ ገጽ ሰጡ፤ የዜድ ገጽ፣ የኤክስ ገጽ፣ የጄ ገጽ። ትርጉሙን ግን አይጠይቁም። «ለሚናገረው ይሁነው፤ ለእኔ መልኩ ይበቃኛል» ይላሉ።

ትርጉም የጠየቁት አንድ ቀን ነው። ሚስተር ሊዮ ኪው ዩን ሳትይዝ የምትገባባቸውን ጥቂት ቃላት ሊያሳዩአቸው ኪው፣ ኤ፣ ቲ ብለው ደረደሩ።

«ኪውና ዩ ሙሽራና ሚዜ ናቸው አላሉም እንዴ? ሚዜዋን የት ጥላት መጣች? ምን ማለት ነው በዪያቸው» አሉኝ።

ሚስተር ሊዮ መዝገበ ቃላቱን አዩና፣ በየመንና በኢትዮጵያ ሰዎች የሚያኝኩት ቅጠል ነው አሉ። እኔና እትዬ ይታይሽ ተያየን። ጫት! ሆዳቸውን ይዘው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ሚስተር ሊዮ ምን እንዳሳቃቸው ሳያውቁ አብረው ሳቁ። «አንዱ ከገባ ዘመዶቹም ገብተዋል ማለት ነው፤ እስቲ ይፈልጉልኝ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። በሳምንቱ ጤፍ ተገኘ፤ መጨረሻው በሁለት ኤፍ። ብርም ተገኘ። ሊዮ ቃል ባገኙ ቁጥር ልብስ ማጠቢያው ድረስ ስልክ እየደወሉ ፊደሉን ይቆጥሩላቸዋል፤ እሳቸውም በማሽኑ ጩኸት መሀል ይቀበላሉ።

ያቺ የአውቶቡስ ቀን የመጣችው በዚህ ሰሞን ነው። ወደ ታችኛው ከተማ ስንወርድ አንድ ጎረምሳ ደረቱ ላይ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ለብሶ ፊታችን ቆመ። እትዬ ይታይሽ ጽሑፉ ውስጥ ዜድ አዩ። እጅጌውን ያዙት። ልጁ ደነገጠ። እኔ በዕብራይስጥ፣ ይቅርታ፣ እኚህ ሴት ዜድ ያለበት ቃል ይሰበስባሉ፣ ትንሽ ቁምላቸው አልኩት። ቆመላቸው። እሳቸው ደብተሩን አውጥተው፣ አውቶቡሱ ሲያዘነብል አብረው እያዘነበሉ ቀዱ። ሲጨርሱ ልጁ በገዛ ፈቃዱ ዞረና ጀርባውን አሳያቸው፤ እዚያም ጽሑፍ ነበረ። ከኋላ የተቀመጠች ሴት ቦርሳዋ ላይ ዜድ እንዳለ ተናገረች። አንድ ሽማግሌ ከሸመቱት የጥርስ ሳሙና ላይ አገኙ። ሌላዋ ልጇን የትምህርት ቤት መጽሐፍህን አውጣ አለችው። ሾፌሩ እንኳ በመስታወት እያየ፣ ፒዛስ አይሆንም ወይ አለ። እዚህ ላይ አውቶቡሱ በሙሉ አጨበጨበ። ፒዛ ሁለት ዜድ አላት። ሁለት ፌርማታ አልፈን ነው የወረድነው።

ሁሉም የለቀሙት ቃል ግን አይሠራም ነበር። አንድ ቀን ከወደቡ አጠገብ ስናልፍ ከቤት የሚተልቅ የመርከብ ኮንቴይነር ላይ የተጻፈ ቃል ቀድተው በኩራት አመጡ። ሚስተር ሊዮ፣ ይህ የድርጅት ስም ነው፣ በጨዋታው ሕግ መጠሪያ ስም አይገባም አሏቸው።

«ስም ቃል ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?» አሉ ተናደው። «እኔ ይታይሽ ነኝ። ይታይሽ ማለት ነገር አለው።»

ይህን ለሚስተር ሊዮ ለማስተርጎም ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ከዚህ ሁሉ ደስታ በስተጀርባ አንድ የሚያቃጥላቸው ነገር ነበረ። እትዬ ይታይሽ ሜታፔሌት መሆን ይፈልጉ ነበር፤ አረጋውያኑን የምታጥብ፣ የምታለብስ፣ የምታበላ ሠራተኛ። «ልብሳቸውን ከማጥብ እነሱን ባጥብ ይሻለኛል፤ ልብስ አያወራም» ይላሉ። ለዚያ ግን ኮርስ አለ፣ ኮርሱም የሚነበብ አለው። እኔ ራሴ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ አስተርጉሜላቸዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀቶቹን አገላብጦ አሳየንና፣ በየትኛውም ቋንቋ አንድ ፊደል የማታነብን ሴት እንዴት ብዬ ልላክ፣ መድኃኒት ብታሳስት ማን ይጠየቃል አለን። እትዬ ይታይሽ በዕብራይስጥ «ቤሰደር»፣ እሺ፣ ብለው ወጡ። ደረጃውን ወርደው በቀጥታ ወደ ማሽኖቻቸው ተመለሱ።

በዚያው ዓመት የመኖሪያው የጨዋታ ውድድር መጣ። ሕጉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ መጫወት ነው፤ አንድ ነዋሪ ከአንድ እንግዳ ጋር። ሌሎቹ ልጅና የልጅ ልጅ ጠሩ። የሚስተር ሊዮ ልጅ አውስትራሊያ ነው፤ እሳቸው እትዬ ይታይሽን አስመዘገቡ። ሄለን፣ ሠራተኛ እንግዳ አይደለችም ብለው ተቃወሙ። ሥራ አስኪያጁ፣ በዕረፍት ቀኗ ከመጣች እንግዳ ናት ብሎ ፈረደ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እየሳቀ «ካሸነፈችማ እኔው ራሴ ኮርሱ አስገባታለሁ» አለ። እኔ ቃል በቃል አስተረጎምኩላቸው። እትዬ ይታይሽ አልሳቁም። «ሰው ሁሉ ሰምቷል?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው የታጠበ ፎጣ ይዘው ሳሎኑን ሲያቋርጡ ነዋሪዎቹ ቴሌቪዥን ያያሉ። የእንስሳት ፊልም ነው። ገደል ላይ የተቀመጡ፣ ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት ያላቸው፣ ጎፈሬ ዝንጀሮዎች። እትዬ ይታይሽ ጋሪውን ለቀቁ። «ጭላዳ!» ብለው ጮኹ፤ ሽማግሌዎቹ ከእንቅልፋቸው ባነኑ። ልጅ ሳሉ እነዚያን ዝንጀሮዎች ከገብስ ማሳ በወንጭፍ ሲያባርሩ ነው ያደጉት። ከሥዕሉ በታች በእንግሊዝኛ ስማቸው ተጽፎ ነበር። ደብተሩ አጠገባቸው ስላልነበረ ስድስቱን ፊደላት ክንዳቸው ላይ ቀድተው ምድር ቤት ወረዱ። ለሚስተር ሊዮ ግን አልነገሯቸውም። «አፋቸው ሰፊ ነው» አሉኝ።

የውድድሩ ቀን ነጭ ቀሚስ ለብሰው መጡ። ሁለት ጥንድ አሸንፈው መጨረሻ ላይ ከሄለንና ከሄለን የልጅ ልጅ ጋር ተገናኙ። ሳሎኑ ሞልቷል፤ የወጥ ቤት ሠራተኞች እንኳ ወጥተዋል። ሄለን ይመራሉ። ሚስተር ሊዮ ላብ አጥምቋቸዋል። እትዬ ይታይሽ እጃቸው ላይ ያለውን ፊደል ትክ ብለው አዩ፣ ሰሌዳውን አዩ፣ ከዚያ ሰሌዳው ላይ በነበረችው ኤል ግራና ቀኝ አምስት ፊደላት አስቀመጡ። ጌላዳ።

ሄለን ጣታቸውን አነሡ። እንዲህ ያለ ቃል የለም አሉ። ከሌለ እነ ሊዮ ተራቸውን ያጣሉ፤ ሊዮም በድንጋጤ የይታይሽን ክንድ ያዙ። ነርሷ ትልቁን መዝገበ ቃላት ገለጠች። ገጹን አገኘች፣ በጣቷ ወረደች፣ ቆመች። በኢትዮጵያ ተራሮች የሚኖር ዝንጀሮ ነው ብላ አነበበች።

የሆነውን መናገር ያቅተኛል። እኔ እልል አልኩ። ሊዮ ተነሥተው ሊጨፍሩ ሲሉ ወንበሩ ይዟቸው ወደቀ። አንዷ አሮጊት ምን ዓይነት ዝንጀሮ እንደሆነ ስትጠይቅ እትዬ ይታይሽ በነጭ ቀሚሳቸው መሀል ሳሎን ቁጢጥ ብለው፣ ከንፈራቸውን ወደ ላይ ገልብጠው፣ ሣር እየነጩ ጭላዳን ሆነው አሳዩ። ሄለን ብቻ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ግን የከንፈራቸው ጠርዝ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ጨዋታው አለቀ። ነጥብ ተደመረ፤ እነ ሊዮ በስድስት በልጠዋል። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር እያጨበጨበ ተነሣ። ያን ጊዜ እትዬ ይታይሽን አየኋቸው። ፈገግታቸው ጠፍቷል። የሚያዩት የሚስተር ሊዮን ሹራብ ኪስ ነው።

«አያ ሊዮ» አሉ በአማርኛ፣ «ያውጡት።»

ማንም እንዲያስተረጉም አላስፈለገም። ሚስተር ሊዮ እንደ ሕፃን አንገታቸውን ደፉና እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ኪውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። አሥር ነጥብ ተቀነሰ። በአራት ተሸነፉ። ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን ሰብቆ፣ እንግዲህ ለሚመጣው ዓመት አለ።

አውቶቡስ ስንጠብቅ እያለቀስኩ ነበር። ለምን ዝም አላሉም፣ ማንም እኮ አላየም አልኳቸው።

«እኔ አየሁ» አሉ። «በተሰረቀ ፊደል ገብቼ ምን ላነብ ነው?»

በማግስቱ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ አብሬያቸው አንሶላ ስዘረጋ የዕቃ ማንሻው ሊፍት በር ተከፈተና ሄለን ወጡ። ምድር ቤት የወረደ ነዋሪ አይተን አናውቅም። እጃቸው ላይ የኮርሱን መጽሐፍ ይዘዋል። ሥራ አስኪያጁን እንዳነጋገሩት፣ ለጸደይ ኮርስ ለእትዬ ይታይሽ አንድ ቦታ እንደሚይዝላቸው፣ ማንበብ ደግሞ ራሳቸው እንደሚያስተምሯቸው ነገሩን። እትዬ ይታይሽ አመስግነው፣ መጀመሪያ ግን ይህ አንሶላ ማለቅ አለበት አሉ። ሄለን አካባቢውን አዩ፣ መጽሐፉን ማሽኑ ላይ አኖሩ፣ ከአንሶላው ሁለቱን ጫፍ ያዙ።

ያ ክረምት በሙሉ እንዲህ አለፈ። ግን ሁለት ቀን እንኳ ሳይሞላ አንድ ጉድ ወጣ። መጽሐፉ የተጻፈው በዕብራይስጥ ነው፤ ሄለን ደግሞ በዚህ አገር ያን ሁሉ ዓመት ኖረው ዕብራይስጥ የሚያነቡት እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ለማንም ተናግረውት አያውቁም። ስለዚህ ሁለቱም እኩል ጀማሪ ሆኑ፤ እኔ የማጽዳት ሥራዬን ጨርሼ ስወርድ ተጣልተው ይጠብቁኛል። አንዷ ፊደሉ ይህ ነው ስትል ሌላዋ ያ ነው ትላለች። ብዙውን ጊዜ ልክ የሚሆኑት እትዬ ይታይሽ ናቸው፤ ቃሉን ሳይገምቱ ፊደል በፊደል ስለሚያዩ። ሄለን አያምኗቸውም፤ እኔን ይጠይቃሉ፣ ከዚያ በንዴት አንሶላ ያጥፋሉ። ሚስተር ሊዮ ይቅርታ ለመጠየቅ ብስኩት ይዘው ወርደው፣ ካልሲ ጥንድ ጥንዱን እንዲፈልጉ ተፈረደባቸው።

እትዬ ይታይሽ የጸደዩን ፈተና ወደቁ። ሄለን ከእሳቸው በላይ አዘኑ፤ በሚቀጥለው ዙር ግን እትዬ ይታይሽ አለፉ። በዚህ መሀል ሄለን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራተው ዳሌያቸው ስለተሰበረ ያለ ድጋፍ መራመድ አቅቷቸው ነበር።

እትዬ ይታይሽ የሜታፔሌት አረንጓዴ ሸሚዝ ለብሰው ሁለተኛው ፎቅ የወጡበትን ጠዋት አልረሳውም። የመጀመሪያ ሥራቸው ሄለንን ማጠብ ነው። ውሃውን ከፍተው አሙቀው፣ ሄለንን ከቁርስ ሊያመጡ ወጡ። ሲመለሱ በሩ ላይ የተለጠፈችው የስም ሰሌዳ ፊት ቆሙ። ጣታቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እየገፉ አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

«ዝናሽ፣ ይሄ ሄለን አይልም» አሉኝ።

መጥረጊያዬን ይዤ ቀረብኩ። በዕብራይስጥ ሄ እና ሔት የሚባሉት ፊደላት መንታ ናቸው፤ የሄ ግራ እግር ከአናቷ በጥቂት ክፍተት ትለያለች፣ የሔት ግን ተጣብቃለች። ሰሌዳዋ ላይ የተጻፈችው ሔት ነበረች። ያን በር በየቀኑ ስወለውል አንድም ቀን አላነበብኩትም። ሥራ አስኪያጁም፣ ነርሶቹም፣ የሰውን ሁሉ ስሕተት የሚያርሙት ሄለንም አላዩትም። ሄለን ወደ ሰሌዳዋ ጠጋ ብለው አዩና፣ «አሥራ አንድ ዓመት!» አሉ። ከዚያ ድጋፋቸውን ይዘው እስኪንቀጠቀጡ ድረስ ሳቁ፤ እንዲያ ሲስቁ ፎቁ ሰምቶ አያውቅም፣ ከየክፍሉ አንገት ብቅ ብቅ አለ።

እትዬ ይታይሽ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቀለሙን ፋቅ ፋቅ አድርገው የተጣበቀችውን እግር ከአናቷ ለዩአት። ራቅ ብለው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሁን ሄለን ሆኑ» አሏቸው። «ይግቡ፣ ውሃው ሳይቀዘቅዝ።»